የሚሮጠው መስመር

አንድ የድረ ገጽ አሠልጣኝ ፊቴን ሳያስፈቅደኝ ቀርጾ፣ ሰው ሞልቶ በተቀመጠበት አዳራሽ ግድግዳ ላይ አሳየኝ። ሰው ሳቀብኝ። በደሉ ይህ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው አብዛኛው የራሴ ጉድ ነው፤ ቢሆንም ይህ አስቀድሞ ይታወቅልኝ። በደል ነበር፣ ዛሬም በደል ነው እላለሁ።

እኔ ጀልባ ነጂ ነኝ። ባሕር ዳር ወደቡ ላይ የራሴ የሞተር ጀልባ አለችኝ። ሌላውን ቀን ዘጌና ደሴቶቹ እመላለሳለሁ፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ግን ቁንዝላ ሄጄ አድሬ፣ በማግስቱ ጧት ከዚያ ሰው ጭኜ እመለሳለሁ። ከሰዓት በኋላ ጣና ነፋስ ስለሚነሣበት ጧት ያልተነሣ ጀልባ ያን ቀን አይነሣም። ክረምት ሲገባ ደግሞ የቁንዝላ መንገድ ጭቃ ይሆናል። ያን ጊዜ የዚያ አገር ሰው ባሕር ዳር ጉዳይ ካለው ተስፋው ጀልባ ነው። ይህን የምለው ጀልባዬን ለማስወደድ አይደለም፤ ቀን መሳሳት እዚህ ምን ማለት እንደሆነ እንዲታወቅ ነው።

ፊደል የቆጠርሁት በአርባ አንድ ዓመቴ ነው። አባቴ ታንኳ ላይ አስቀምጦኝ «ውኃው ያስተምረዋል» አለ። ውኃው ያስተማረኝ ውኃን ብቻ ነው። ወደቡ ላይ የተሳፋሪ ስም መመዝገብ ግዴታ ሲሆን ምን አደርግ እንደነበር ልናገር። ጧት ከቤት ስወጣ እጄን ሆን ብዬ የሞተር ዘይት አስነካ ነበር። መዝገቡ ሲመጣ «እጄ ዘይት ነው፣ እስቲ አንተ ጻፍልኝ» ብዬ እስክሪብቶውን ለመጀመሪያው ተሳፋሪ እሰጠዋለሁ። ከሃያ ዓመት በላይ እንዲህ አድርጌ ኖርሁ። ሚስቴ ሸሚዜን ስታጥብ ስለ ዘይቱ ትራገማለች፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኋትም።

ኋላ ቀበሌያችን የጎልማሶች ትምህርት ሲከፍት ገባሁ። መምህርቷ በልጄ ዕድሜ ያለች ናት። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። የመጀመሪያውን የተሳፋሪ መዝገብ በራሴ እጅ የጻፍሁ ዕለት እጄን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠብሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ያበድሁት። ሌላ ስም የለውም። መጻፍ የቻለ ሰው፣ ሰው ሁሉ የሚያየውን ነገር መጻፍ አለበት መሰለኝ። የከተማው እንግዳ ማረፊያዎችና አስጎብኚዎች ሁሉ ድረ ገጽ አላቸው፤ እኔስ ለምን አይኖረኝም አልሁ። ኢንተርኔት ቤት እየሄድሁ፣ ትልቁ ኮምፒውተር ፊት እየተቀመጥሁ፣ ዝግጁ የሆነ ቅርጽ መርጬ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየሞላሁ ሠራሁት። ቁልፍ ሲጠፋኝ የኢንተርኔት ቤቱን ሰውዬ እጠይቃለሁ፤ ጽሑፉን ግን አንድም ፊደል ማንም አልነካብኝም።

ምን ሠራሁ መሰላችሁ? ከበስተጀርባ ፀሐይ ስትጠልቅ ያለውን የጣናን ፎቶ ዘረጋሁ፤ በላዩ ላይ በወርቅማ ቀለም ጻፍሁበት። ብርቱካናማ ውኃ ላይ ወርቅማ ፊደል! መጀመሪያ ላይ የሕይወት ታሪኬን አስቀመጥሁ፤ አባቴን፣ ታንኳውን፣ ፊደል እንዴት እንደ ቆጠርሁ፣ ስምንት አንቀጽ። የጀልባው ቀን ከዚያ በታች። ስልክ ቁጥሬን በሐረግ ያጌጠ ሥዕል አሠርቼ ለጠፍሁት፤ ሥዕል ስለሆነ ሰው ነክቶ አይደውልበትም። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ በቴሌቪዥን ዜና ሥር እንደሚያልፈው፣ ከዳር እስከ ዳር የሚሮጥ ቀይ መስመር አስገባሁ። ያን መስመር እንዴት እንደ ወደድሁት! ቁጭ ብዬ ሲያልፍ አየው ነበር። አሁን ሳስበው አላነበውም ነበር። የጻፍሁት እኔ ስለሆንሁ በቃሌ አውቀዋለሁ።

ለሰው ሁሉ አሳየሁ። ሰው ሁሉ «ቆንጆ ነው» አለ። ጎረቤት፣ የነፍስ አባት፣ የወደቡ ሰዎች፣ ሁሉም። የእኔ ስልክ ባለ ቁልፍ ስለነበር ገጼ በሰው ስልክ ላይ ምን እንደሚመስል አንድም ቀን አላየሁም። «ቆንጆ ነው» ካሉኝ ሌላ ምን ልፈልግ?

ነሐሴ ላይ ነዳጅ ስለ ጠፋ የቁንዝላውን ቀን ከሰኞ ወደ ረቡዕ አዛወርሁ። ለውጡን የት ጻፍሁ? የሚሮጠው መስመር ላይ። ከታች ያለውን «ሰኞ» የሚለውን አላጠፋሁትም። ረሳሁት ብል እዋሻለሁ። መስመሩ ይበቃል ብዬ ነው።

ጥቅምት ላይ አሠልጣኙ ወደቡ ላይ መጣ። ከሌላ አገር የመጣ፣ ኮሌጅ የሚያስተምር ቀጭን ወጣት ነው። ለብሎገሮችና ለገጽ ባለቤቶች ሥልጠና እያዘጋጀ የአካባቢውን ገጾች ይመለከት ኖሯል።

«ጋሼ፣ ይቺ ገጽ የእርስዎ ናት?» አለኝ፣ ስልኩን እያሳየ።

«የእኔ ናት። ምነው፣ በዛችብኝ?»

«ኧረ በፍጹም። ለትምህርት ይሆነኛል፤ ሲጠቀሙባት ልቅረጽ?»

«ቅረጽ» አልሁት። ስልኩን መስሎኝ ነው። ፊቴን አላልሁም።

ስልኩን እጄ ላይ አስቀመጠና ሌላ ስልክ ፊት ለፊቴ አቆመ። «አሁን የቁንዝላ ሰው ነዎት እንበል። ጀልባው ወደ ረቡዕ መዛወሩ የት ላይ እንደተጻፈ በጣትዎ ያሳዩኝ።»

ሳቅሁ። የራሴን ገጽ ሊፈትነኝ! ከዚያ ስልኩን አየሁት። በዚያ ትንሽ መስተዋት ላይ ሁሉ ነገር ተጨማድዷል። ወርቁ ፊደል ውኃው ውስጥ ሰጥሟል። ቀዩ መስመር ጠቦ እንደ አይጥ ሽው ይላል። «ጀል…» ስል ያልፋል፤ «ወደ ረ…» ስል ያልፋል። በጣቴ ልይዘው ተከተልሁት። ጣቴ ፎቶውን ነካና ፎቶው ገጹን ሞላው። እሱን ስዘጋ የሕይወት ታሪኬ መጣ። እሱን ስገፋ መስመሩ ከላይ ጠፋ። እንደገና ተመለስሁ፤ እንደገና በጣቴ አባረርሁት።

ልጁ ዝም ብሎ ያየኛል። ይህ ነው ያንገበገበኝ። በእኛ አገር የሰው በሬ ማጥ ውስጥ ቢገባ መንገደኛ እንኳ ሸክሙን አውርዶ ጭራ ይይዛል። ይህ ግን እጁን አጣምሮ ያያል! «ስልክህ ታሟል እንዴ?» አልሁት። «ይቀጥሉ ጋሼ» አለኝ። ኋላ ነው ያወቅሁት፤ የሙያው ሕግ ኖሯል። ገጽ ስትፈትሽ ተጠቃሚውን አትርዳው፣ የት እንደሚወድቅ ተመልከት ይላል። ያን ጊዜ ግን ንቀት ነበር የመሰለኝ።

ላብ አጠመቀኝ። ከዚያ በአፌ ምን ወጣ? እኔ አልጠራሁትም፤ ከየት እንደመጣ እንጃ።

«እጄ ዘይት ነው» አልሁት። «ስልክህን አቆሽሽብሃለሁ፤ እስቲ አንተ ያዘው።»

እጄ ንጹሕ ነበር።

ኅዳር ላይ ሥልጠናው ሲደረግ እኔንም የገጽ ባለቤት ብለው ጠሩኝ። የጥሪ ወረቀቱ ላይ «የገጽ ባለቤት» የሚለውን ለሚስቴ ጮክ ብዬ አነበብሁላት። ሱፌን ለብሼ ሄድሁ፣ ሦስተኛው ረድፍ ተቀመጥሁ። የፊደል መምህርቴም መጥታ ነበር፤ ስታየኝ ብድግ ብላ አጎንብሳ ሰላምታ ሰጠችኝ። ደረቴ ተነፋ።

አሠልጣኙ ስለ ፊደል መጠን አወራ፣ ስለ ቀለም አወራ። ከዚያ «ተጠቃሚ ስንል ማንን እንደሆነ እንይ» ብሎ መብራቱን ቀነሰ። ግድግዳውን ያህል ሰፍቼ ወጣሁ። ግንባሬ ያብረቀርቃል። አፌ ፊደሉን ለመያዝ እንደ ሕፃን ይላወሳል። ያ ወፍራም ጣቴ መስተዋቱ ላይ ወዲያ ወዲህ ይሮጣል። መጀመሪያ አንድ ሰው ፈገግ አለ። ከኋላዬ አንዱ፣ «ዓሣ በእጁ ሊይዝ ነው እንዴ?» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ድምፄ ወጣ። «እጄ ዘይት ነው።» ሰው ሆዱን ያዘ።

መምህርቴን ፈልጌ አየኋት። እሷ አልሳቀችም። ክፍል ውስጥ የመጀመሪያው ቀን ያንኑ ብያት ነበርና ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። የሰው ሁሉ ሳቅ ከዚያ አይበልጥም።

አሠልጣኙ ሦስተኛ ረድፍ ላይ መሆኔን ያን ጊዜ አየ። ፊቱ ተለወጠ። «የሚያስቀው ገጹ ነው፣ ሰውየው አይደለም» አለ። እኔ ግን ተነሥቼ፣ በሰው ጉልበት መካከል እየተጋፋሁ ወጣሁ።

ባሕር ዳር ትንሽ ከተማ ናት። በማግስቱ ወደቡ ላይ ስሜ ተለወጠ። «ና ገመድ ያዝ፤ ወይስ እጅህ ዘይት ነው?» ይሉኛል። የተሳፋሪ መዝገብ ስጽፍ አንዱ ጀልባ ነጂ ከሩቅ፣ «ኧረ ቀስ፣ እንዳያመልጥህ!» ብሎ በጣቱ አየር ላይ ያባርራል። ሁለት ዓመት ለፍቼ ያወለቅሁት ልብስ በአንድ ጧት ተመልሶ ተሰፋብኝ። ማንበብ የሚችል ሰው የሚለው ስሜ ነበር ሀብቴ፤ እሱን ነው የወሰደብኝ።

አሠልጣኙ ሁለት ጊዜ ይቅርታ ሊጠይቀኝ መጣ፤ አላናገርሁትም። ሽማግሌ ይዳኘን አልሁ። በእኔ ወገን የመረጥሁት ቁንዝላ ያሉትን አዛውንት ጀልባ ሠሪ ነው። ሙስሊም ናቸው፤ አባታቸውም አያታቸውም በጣና ዳር እንጨት ሲጠርቡ የኖሩ። የእኔን ጀልባ አካል የሠሩት እሳቸው ናቸው። ሐቅ የማያዛቡ ሰው ስለሆኑ ክርስቲያኑም እስላሙም ለዕርቅ ይጠራቸዋል። ልጁ በበኩሉ አከራዩን፣ ጡረታ የወጡ ሰውዬ ይዞ መጣ። የእኔ ዋስ መምህርቴ ሆነች።

ጥር ላይ ወደቡ አጠገብ ዋርካው ሥር ተቀመጥን። ዋስ ጠራን፤ ሽማግሌ የወሰነውን ልንፈጽም ማልን። አዛውንቱ ምስማር ሊገዙ ባሕር ዳር መጥተው ሦስት ቀን ሰንብተው ነበር። ቀኝ ዓይናቸው አንሷል፤ ግራው እንደ ወተት ነጥቷል። ይህን አይቻለሁ። ግን ዕድሜ ነው ብዬ አለፍሁ።

መጀመሪያ ልጁን ጠየቁት። «አንተ ልጅ፣ ፊቱን ሳታሳይ እጁን ብቻ ማሳየት አይቻልም ነበር?»

«ይቻል ነበር።»

«ታዲያ?»

«አላሰብኩበትም አባቴ። ሳያስፈቅዱ ፊት ማሳየት እንደማይገባ ለሰው የማስተምረው እኔ ነኝ። ጥፋተኛ ነኝ።»

«አንተስ?» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው። «ምን ትላለህ?»

ብዙ ተናገርሁ። ስሜ ጠፋ፣ መሣቂያ ሆንሁ፣ ፊደል እንዴት እንደ ቆጠርሁ እናንተ አታውቁም አልሁ። «ያልተማረ ሰው ላይ የሚስቅ ሰው አይደለም» አልሁ። የገዛ ንግግሬ አስለቀሰኝ።

አዛውንቱ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ከድንጋዩ ላይ ተነሡ። «እንግዲህ እኔ ከዚህ ወንበር መውረድ አለብኝ» አሉ። «አቤቱታ ያለው ሰው ዳኛ አይሆንም።» መጥተው ከሳሽ በሚቆምበት፣ ከእኔ ጎን ቆሙ። አከራዩ ግራ ገብቷቸው፣ «ማንን ነው የሚከሱት?» አሉ።

«ይህን ሰውዬ» አሉ፣ እኔን።

የሳቅሁ ይመስለኛል። ቀልድ መስሎኝ።

«ነሐሴ ላይ እዚህ ባሕር ዳር ዓይን የሚቀድዱ ሐኪሞች መጥተዋል ተባልሁ። እስከ ማክሰኞ ብቻ ነው ያሉት። መንገዱ ጭቃ ነው። የልጄን ሚስት ስልክ ተቀብዬ የዚህን ሰውዬ ገጽ ከፈትሁ። ማንበብ እችላለሁ፤ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ተምሬያለሁ፣ የምስክር ወረቀቴም አለ። ታሪኩን አነበብሁ፣ ደስ አለኝ። ከሥር ‹ሰኞ› ይላል። ከላይ አንድ ቀይ ነገር ይሮጣል፤ በዚህ ዓይኔ የት ልያዘው? የልጄ ሚስትም አልያዘችውም። ሰኞ በሌሊት ስንቄን ይዤ ዳር ወጣሁ፤ እስከ ዓሥር ሰዓት ውኃ ሳይ ዋልሁ። ጀልባ የለም። ረቡዕ መጣ። ሐኪሞቹ ሄደዋል። ‹ልጄ፣ ሰኞ መጥቼ ዋልሁ እኮ› ብለው ምን አለኝ መሰላችሁ?»

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ቃል በቃል። ጀልባዋን አስጠግቼ ገመድ እየወረወርሁ ነበር፤ ከሩቅ አንድ አዛውንት እጃቸውን አንሥተው አናገሩኝ። እኔ ተሳፋሪው እንዲሰማልኝ ጮክ ብዬ፣ «ገጹ ላይ በቀይ ተጽፏል እኮ! ቤትዎ ውስጥ ፊደል የቆጠረ ሰው የለም እንዴ?» አልሁ። ተሳፋሪው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ያን ዓይነት ቀልድ መቀለድ የሚችለው ማንበብ የሚችል ሰው ነውና። እሳቸው «ይሁን» ብለው ስንቃቸውን አንጠልጥለው ተመለሱ። ለዓይናቸው እንደመጡ አልተናገሩም፤ እኔም አልጠየቅሁ። ማን እንደሆኑ እንኳ ልብ ብዬ አላየሁም። የጀልባዬን አካል የጠረቡትን ሰው!

«ያኔ ለምን አልነገሩኝም?» ልል ፈለግሁ። ቢነግሩኝስ?

«እኔ ይህን ልናገር አልመጣሁም ነበር» አሉ አዛውንቱ። «ዳኝ ብሎ ሲጠራኝ፣ ወላሂ፣ ዝም ልል ነበር። አሁን ግን ‹ያልተማረ ሰው ላይ የሚስቅ ሰው አይደለም› ሲል ሰማሁት። ይህን ሰምቼ ወንበር ላይ ብቀመጥ ግፍ ነው።»

መምህርቴ ጎኔ ነበረች። ዋሴ ናት፤ ልትሄድ አትችልም። አዳራሹ ውስጥ እንዳደረገችው ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ያኔ ለእኔ አዝና ነበር። አሁን በእኔ አፍራ ነው።

እንደ አገራችን ወግ ድንጋይ አንሥቼ ትከሻዬ ላይ አደረግሁና እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ። ጀልባ ነጂዎቹ ከወደቡ ያዩኛል፤ ይዩኝ። አዛውንቱ ድንጋዩን በእጃቸው ዳሰሱት።

«አስቀምጠው» አሉ። «ይህ ዓይኔን አያበራልኝም። ይቅር ብዬሃለሁ፣ አፉ ብያለሁ። ነገሩ አለቀ የሚባለው ግን እኔ ማንንም ሳልጠይቅ፣ ከዚያ ገጽህ ላይ ቀኑን አንብቤ፣ ጀልባህ ላይ የወጣሁ ዕለት ነው። ካልሆነልህ ደግሞ ገጹን ዝጋውና እንደ ድሮው በገበያ ቀን አስለፍፍ።»

በልጁ ላይ የተወሰነው፣ ቪዲዮውን አጥፍቶ በዚያው አዳራሽ በሰው ፊት ይቅርታ ሊለኝና ገጹን ስሠራ ያለ ዋጋ ሊያግዘኝ ነበር። ሁሉንም ፈጸመ። ይቅርታውን ሲጠይቀኝ ሰው አጨበጨበ። እኔ ግን ዓይኔ ጫማዬ ላይ ነበር።

ከዚያ ሥራ ጀመርን። ልጁ የሚያስፈልገኝን በአንድ ወረቀት ጽፎ ሰጠኝ፤ ጀልባዋ ውስጥ መሪው አጠገብ ለጥፌዋለሁ። የፊደልና የጀርባ ቀለም ተራርቆ እንደሆነ የሚለካ ነፃ ገጽ አለ፤ ወርቄንና ብርቱካኔን ስሰጠው ወደቀ። ገጽህ በደካማ ኔትወርክ ስንት ጊዜ ይፈጃል ብሎ የሚመዝን አለ፤ የእኔን ጀንበር መጥለቂያ ሲመዝነው የቁንዝላ ሰው ካርዱን ጨርሶ ነው የሚያያት። በአሮጌ ስልክም የማይሰባበር ነፃ የአማርኛ ፊደል አለ። እነዚህ ሁሉ ያሉት በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛውን በአርባ አንድ ዓመቴ ለለየሁ ሰው «ሂድና በእንግሊዝኛ አንብብ» ማለት ምን እንደሆነ የጻፉት ሰዎች አያውቁም። መምህርቴ እያነበበች ትነግረኛለች፤ እኔ እጽፋለሁ።

ቀዩን መስመር እኔው ራሴ አጠፋሁት። ለማጥፋት አንድ ቁልፍ ብቻ ነው የሚነካው። እጄ ግን ቁልፉ ላይ ብዙ ቆየ።

የሕይወት ታሪኬን ከላይ ወደ ሥር አወረድሁት። ልጁ «ይጥፋ አልልም ጋሼ፣ ግን ሰው መጀመሪያ የመጣው ለጀልባው ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ነጭ ላይ ጥቁር አድርገን፣ ከላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ከዚያ ስልኬን እንደ ቁጥር ጻፍን፤ ሲነኩት ይደውላል። በቃ። ገጼ እንደ ቀበሌ ማስታወቂያ ሆነች። ሚስቴ አይታ «ድሮ ታምር ነበር» አለች። «ድሮ ቀኑን ታገኚው ነበር?» ስላት «ቀን ፈልጌ አላውቅም፣ አንተን ደስ እንዲልህ ነው ቆንጆ ነው ያልሁህ» አለችኝ።

ይሉኝታ ነው። የእኛን አገር ሰው «ገጼ ጥሩ ነው ወይ?» ብለህ አትጠይቀው፤ ፊትህን እያየ ክፉ አይናገርህም። ልጁ ሲያስተምር ይህን አያውቅም ነበር፤ ከእኔ ነው የወሰደው። ስለዚህ «ጥሩ ነው ወይ» አንልም፤ «ቀኑን ፈልጊልኝ» እንላለን። ከዚያ ዝም ነው።

ያ ዝምታ! ዓሣ የምትሸጥ ሴትዮ ወደቡ ላይ አስቀመጥንና ስልክ ሰጠናት። ቅዳሜ ወደ ዘጌ ስንት ሰዓት እንደምነሣ እንድታገኝ። እኔ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ እንድቀመጥ ልጁ አዘዘኝ። ጣቷ ወረደ፣ ወጣ፣ ቆመ። አለፈችው። ተመለሰች። ደግማ አለፈችው። ግንባሯ ላብ አወጣ። «እዚያ ነው!» ልል አፌ ሲከፈት ልጁ በዓይኑ ያዘኝ። ሴትዮዋ ስልኩን መለሰችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ቆንጆ ነው፤ እጄ ግን ዓሣ ዓሣ ይላል፣ ስልካችሁን አላበላሽባችሁ» አለች።

ልጁ ያን ጊዜ ወደ እኔ አላየም። ማየት አይችልም ነበር። እኔ ውኃውን አየሁ።

«ጥፋቱ የአንቺ አይደለም እታለም፣ የገጹ ነው» አልኋት ሲያልፍልኝ። አላመነችኝም። እኔም ያኔ ቢሉኝ አላምንም ነበር። ያለፈችውን ቦታ ግን ፊደሉን አተለቅነው። ሌላ ሰው አስቀመጥን፣ እሱ ሲያልፈው ደግመን አስተካከልን። አምስተኛው ሰው ሳይንገላታ አገኘው።

የካቲት ደረሰ። ለኪዳነ ምሕረት ንግሥ ወደ ዘጌ ከዋዜማው ጀምሮ ሰው ስለማመላልስ የቁንዝላው ቀን መቀየር ነበረበት። ልክ እንደ ነሐሴው። ገጹ ላይ የድሮውን «ረቡዕ» አጠፋሁና ከሁሉ በላይ በትልቁ ጻፍሁ፤ በዚህ ሳምንት ከቁንዝላ የምንነሣው ከበዓሉ ሁለት ቀን በፊት ጧት አንድ ሰዓት ነው፣ ረቡዕ ጀልባ የለም ብዬ፤ ቀኑንም በቁጥር። ለአዛውንቱ አልደወልሁም። ልደውል ሦስት ጊዜ ስልክ አንሥቼ አስቀምጫለሁ። መደወል ውሉን ማፍረስ ነው።

ቁንዝላ አድሬ ጧት ጀልባዋን ሳዘጋጅ ዳር ዳሩን አያለሁ። ሁለት ነጋዴዎች መጡ። በቆሎ የጫነች ሴት መጣች። አንድ ሰዓት ሊሞላ ነው። ሞተሩን አላስነሣሁም። ነጋዴው «ምን ትጠብቃለህ?» አለኝ። «ዝም በል» አልሁት።

ከዚያ ከጀልባ መሥሪያው በኩል ምርኩዛቸውን እያስቀደሙ መጡ። ብቻቸውን ናቸው። ያቺኑ ስንቃቸውን ይዘዋል። እጄን ዘርግቼ ላወጣቸው ስል አልሰጡኝም፤ የገዛ እጃቸው የጠረበውን ጠርዝ ዳስሰው ያዙና ወጡ።

«የሆስፒታሉ ሐኪሞች የግራው ዓይንህ አልቋል ብለውኛል» አሉ ተቀምጠው፣ ሌላ ነገር ሳይሉ። «የቀኙን እንያው ብለዋል። ለዚያ ነው የምሄደው።»

«ቀኑን እንዴት አገኙት?» አልሁ። ድምፄን ሰው እንዳይሰማው ዝቅ አድርጌ።

«ተጽፏል እኮ» አሉ። ጀልባው ውስጥ ያለው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ አድርገው ነው። «ቤትህ ውስጥ ፊደል የቆጠረ ሰው የለም እንዴ?»

ነጋዴዎቹ ሳቁ። በማን እንደሚስቁ አያውቁም። እሳቸው አልሳቁም፤ በዚያች በቀረቻቸው ዓይን እያዩኝ ጠበቁ። እኔ የተሳፋሪ መዝገቡን አውጥቼ ስማቸውን መጀመሪያው መስመር ላይ ጻፍሁ። ከጎኑ ቀኑን ጻፍሁ፤ የካቲት 14።